ፈቃደኛ አይደለችም

የመናኸሪያው ሾፌሮች «ጥሩምባ» ይሏታል። ሊሰድቧት አይደለም። ቢያዩዋት እንኳ ደቃቃ ሴት ናት፤ ወንበሯ ላይ ትራስ ካልደረበች ማይክሮፎኑ አይደርስላትም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከመናኸሪያው ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስታወት ከተከበበች ጠባብ ክፍል ሆና ድምፅ ማጉያውን ስትከፍት፣ ከታች ያለው ትርምስ ለአፍታ ረጭ ይላል። አግዳሚው ላይ ያንጎላጀ ተሳፋሪ በስሙ የጠሩት ይመስል ብድግ ብሎ ሻንጣውን ያነሣል። የሚጨቃጨቁ ሾፌሮች ሳይቀሩ «ዝም በሉ፣ ጥሩምባ ልትናገር ነው» ይባባላሉ። ሹመት አላገኘች፣ ወንበሯ እንኳ ከተገዛ ጀምሮ አልተለወጠ፤ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ያ ድምፅ ነበር።

አንድ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን ወልውላ ገና ሳይደርቅ፣ ጥሩምባ የዕለቱን የጊዜ ሰሌዳ ታቅፋ ስትወጣ እግሯ ከዳት። አፏ የደረጃውን የብረት መደገፊያ መታ። ከላይ በግራ በኩል፣ ከፊት ጥርሷ ቀጥሎ ያለችው ጥርስ ከነሥሯ ወለቀች። ቁስሉስ በሳምንት ደረቀ። ጣጣው የመጣው ማይክሮፎኑ ፊት ስትቀመጥ ነው። «ሰ» ባለች ቁጥር በክፍተቱ ፉጨት ይወጣል። የጊዜ ሰሌዳውን ደግሞ ጠላት ያወጣው ይመስል «ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል» የሚል መስመር ነበረበት። ሾፌሮቹ ጥርስ የማያስከድኑ ናቸውና ሰዓቱ ሲቃረብ ሞተር አጥፍተው ይጠብቋት ጀመር። «ጥሩምባችን ፉጨት ሆነች!» እሷም አፏን በእጇ ከድና አብራ ትስቅ ነበር። ቆይታ ተነቃይ ጥርስ አሠራች። እሱም በንግግር መሃል እየተንሸራተተ፣ አንድ ቀን ማይክሮፎኑ ላይ ወድቆ ቀጭ ሲል በመናኸሪያው ሁሉ ተሰማ። ያን ቀን አልሳቀችም።

«ምነው እታለም፣ እኔ እያለሁልሽ?» ያለቻት ታናሽ እህቷ ናት።

ታናሿ ሚጡ ትባላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለት ወልዳ፣ ነጭ ጋውን ለብሳም ሚጡ ናት። እናታቸው ስትሞት ጥሩምባ አሥራ ሰባት፣ ሚጡ ደግሞ አራት ዓመቷ ነበር። አባታቸው ቀደም ብሎ ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። ጥሩምባ ልጅነቷን ሳትጨርስ እናት ሆነች። ፀጉሯን ጎነጎነችላት፣ ፊደል አስቆጠረቻት፣ እጇን በእጇ ይዛ «ሀ»ን አስጻፈቻት። ባል ያገባችው እንኳ ሚጡ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ራሷን ስትችል ነው። ሚጡ አሁን በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ የሐኪሙ ረዳት ነበረች።

«የማይወልቅ አለ፣ ብሪጅ ይባላል» አለቻት። «ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ትንሽ ሞርዶ፣ ሦስቱን ባንድ ላይ እንደ ድልድይ አድርጎ ይለጥፍልሻል። ዶክተራችን እጁ ወርቅ ነው።»

የጥሩምባ ባል ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ የሚውል፣ ነገርን በጎማ የሚመዝን ሰው ነው። «እኔ አንድ ጎማ ሲፈነዳ ግራና ቀኙን ጤነኛ አልሞርድም» አለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።»

«አንተ ስለ ጥርስ ምን ታውቃለህ?» አለችው ጥሩምባ። «ልጄ ናት የምታሠራኝ።» እህቴ አላለችም። ልጄ ነው ያለችው።

ክሊኒኩ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ «እናቴ፣ አይፍሩ» እያለ በፍጥነት ይሠራል። መሞረጃው ሲያፏጭ ሚጡ የእህቷን ምራቅ በቱቦ እየመጠጠች፣ በሌላ እጇ ትከሻዋን ትዳብሳለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስቱ ጥርሶች ተሠርተው መጡና ሐኪሙ ለካቸው፣ ገፋቸው፣ እንደገና ገፋቸው።

«ድዴን የነከሰኝ ይመስላል» አለች ጥሩምባ።

«ይለምዳል፣ እናቴ። አዲስ ጫማ እንኳ ይቆነጥጣል አይደል?» አለና ማጣበቂያውን ቀባ።

ሚጡ ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙ ግን ቀና አላለም። ጥሩምባ ይቺን አስተያየት ያኔ ልብ አላለቻትም፤ ያስታወሰቻት በኋላ፣ ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ስትወጣ መስታወት ሰጧት። ያማረ ጥርስ ነበር። በሥሩ እንዴት እንደሚጸዳ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እሷም መጠየቅ እንዳለባት አላወቀችም። የተለጠፈ ነገር ምን ይጸዳል?

በማግስቱ «ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል» ብላ ስታውጅ አንዲት ፉጨት አልወጣችም። ሾፌሮቹ ከታች ሆነው ጥሩምባቸውን እየነፉ አጨበጨቡላት።

ደስታው አንድ ወር እንኳ አልሞላም። መጀመሪያ ብሩሽዋ ላይ ደም አየች። ቀጥሎ በብሪጁ ጠርዝ ያለው ድድ ቀልቶ ተነፋ፤ ስትነካው ይደማል። ብሪጁ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሚጡ ወስዳ ራጅ አስነሣቻት። «ሁሉም ደህና ነው፣ እታለም። ድድሽ ነው ደካማ። ዕድሜም አለበት። ሳትቦርሺ አትቀሪም ግን?» አለቻት።

«እቦርሻለሁ እንጂ!»

«እንግዲህ ጠንከር አድርጊዋ።»

ጠንከር አደረገች። ባሰባት። ቀስ አደረገች። ያም ባሰባት። ጥፋቱ የራሷ መሰላትና እንደ ሌባ ተሸማቀቀች። ሚጡ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ታመጣላት ነበር፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደረደራል። «የእኔ እህት እኮ እንደ እሷ የለም» ትል ነበር ጥሩምባ ለባሏ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይላሉ። አፍም እንደዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ ማይክሮፎኑን የምትረከባት ለፋፊ ጨዋ ሴት ናት። አንድ ቀን ጥሩምባ የረሳችውን መነጽር ልትወስድ ስትመለስ፣ ሴትዮዋ የማይክሮፎኑን ስፖንጅ ነቅላ አፍንጫዋን ዞር አድርጋ በአልኮል ስትጠርግ ደረሰችባት። ሁለቱም ደነገጡ።

«አቧራ... አቧራ ነገር ይዞት ነው፣ እትዬ» አለች ሴትዮዋ።

ጥሩምባ መነጽሯን አንሥታ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሲያናግራት ፊቷን ዘወር ማድረግ ለመደች። ባሏ ጉንጯን ሊስማት ሲል ሥራ ያገኘች መስላ ትነሣለች። መናኸሪያው ውስጥ የሚስቁ ሰዎች ሁሉ በእሷ የሚስቁ ይመስላት ጀመር።

በአሥራ አራተኛው ወር ከንፈሯ አብጦ ተነሣች። ድዱን ስትጫነው መግል ወጣ። «ሰ» ብቻ ሳይሆን «መ»ና «በ»ም እምቢ አሉ። አለቃው ለጊዜው ብሎ ከመስታወቷ ክፍል አወረዳትና የጠፉ ዕቃዎች ክፍል አስቀመጣት። እዚያ ጃንጥላና የግራ ጫማ እየመዘገበች፣ የሌላ ሴት ድምፅ ከጣራው ላይ ትሰማለች።

ለሚጡ ደወለችላት። «ዶክተሩ ጉዞ ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሺ» አለቻት። በሳምንቱም «ትንሽ» አለች። በሦስተኛው ሳምንት ጎሚስታው እጁን ሳይታጠብ ከሥራው መጣና «ተነሽ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አላት።

«ሚጡ ምን ትለኛለች? አላመንሽኝም ብላ ትቀየመኛለች።»

«ትቀየም። ተቀይሞ የሞተ የለም።»

የመንግሥት ሆስፒታሉ የጥርስ ክፍል ሐኪም ጡረታ የተቃረበች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ብዙ አታወራም። ቀጭን ብረት ይዛ በብሪጁ ጠርዝ ላይ አስኬደች፤ ብረቱ አንድ ቦታ ደርሶ ተያዘ። መለሰችው፤ እንደገና ተያዘ።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ጠርዙ ጥርሱ ላይ አልተቀመጠም። ክፍት ነው፣ ከድዱ ሥር ገብቶም ሥጋሽን ይጫናል። ምግብ እዚያ ገብቶ ይከርማል። የመካከለኛዋ ሰው ሠራሽ ጥርስም ድድሽ ላይ ጥብቅ ብላ ተኝታለች፤ ከሥሯ ማጽዳት አይቻልም።» ጓንቷን አወለቀች። «ክር ማስገባት አሳይተውሽ ነበር?»

«የምን ክር?»

ሐኪሟ ጎሚስታውን አየች፣ ከዚያ እሷን። «ብሪጅ ያለው ሰው ከሥሩ በልዩ ክር በየቀኑ ያጸዳል፣ እህቴ። ይህ ለማንም የሚነገር ነው። በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ብሪጅ ድድ አይገድልም።»

«ዕድሜ ነው ብለውኝ...»

«ዕድሜ ከሆነማ በቀኝ በኩል ያለው ድድሽም ያረጅ ነበር። እሱ እንደ ልጅ ድድ ነው።» ካርዱን ጻፈች። «የድሮውን ራጅና ካርድሽን አምጪልኝ። ከዚያ በኋላ አነሣዋለሁ።»

ጥሩምባ በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሄደች። ሚጡ ተረኛ የነበረችው ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ጥሩምባን ታውቃታለች፤ «የሲስተር እህት» ብላ ካርዱን ከነራጁ በፖስታ አድርጋ ሰጠቻት። ጥሩምባ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ፖስታውን ከፈተች። የሐኪሙን ጽሑፍ ማን ያነበዋል? ትል የወረደ ነው የሚመስለው። በገጹ ወገብ ላይ ግን ሦስት መስመር በክብ በክብ፣ በሚነበብ እጅ ተጽፏል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ስም አላስፈለጋትም። ያን «ለ» እግሩን አጠፍ አድርጋ እንድትጥል ያስተማረቻት እሷ ናት።

«ራጅ ተነሥቷል። በግራ በኩል ጠርዙ ክፍት ነው፤ እንደገና መሠራት አለበት። ለታካሚዋ ተነግሯል፤ ለማስቀየር ፈቃደኛ አይደለችም።»

ከሥሩ የሚጡ ፊርማ አለ። ቀኑ ብሪጁ ከተለጠፈ በሃያኛው ቀን ነው። «ሁሉም ደህና ነው፣ እታለም» ያለቻት ዕለት።

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ጥሩምባ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። ካርዱን ደጋግማ አነበበችው። ሐኪሙ ቢበድላት ሐኪም ነው፣ ባዕድ ነው። ግን «ታካሚዋ»? ሚጡ ይህን ስትጽፍ፣ ያቺ ታካሚ ማን እንደሆነች እጇ አላወቀም?

ሚጡ በእሑድ ረፋድ፣ እንደ ልማዷ የመጉመጥመጫውን ጠርሙስ በፌስታል ይዛ መጣች። ጥሩምባ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀቻት። ጎሚስታው አይቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሚጡ ካርዱን ስታይ ፌስታሉን ከእጇ አላስቀመጠችም።

«እታለም፣ ላስረዳሽ...»

«አንብቢልኝ። ዓይኔ ደክሟል።»

«እታለም...»

«ሦስት መስመር ናት።»

ሚጡ አላነበበችም። ቁጭ አለች። «እሱ ነው ያስጻፈኝ» አለች። «ከዚያ በፊት በሌላ ሰው ተከሶ ነበር። ሌላ ከተጨመረ ክሊኒኩ ይዘጋል አለኝ። የነርሶች ኃላፊ ሊያደርገኝ ነበር... ድድሽ ይረጋጋል ብዬ ነው። ካልተረጋጋ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ...»

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር።»

«በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒት አመጣልሽ አልነበር?»

«አዎ» አለች ጥሩምባ። «ሰው አፌን ሲሸሽ፣ እኔ ደግሞ ‹እንደ እህቴ የለም› እያልኩ እጉመጠመጣለሁ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «ለማስቀየር ፈቃደኛ አልሆንኩም? መቼ ጠየቅሽኝና ነው እምቢ ያልኩሽ፣ ሚጡ? እኔ አንቺን እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?»

ሚጡ አለቀሰች። ጥሩምባ አልተነሣችም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሚጡ ስታለቅስ ተቀምጣ ያየችበት ቀን አልነበረም፤ ያ የመጀመሪያው ነው።

ያም ሆኖ ያኔ ገና ተስፋ ነበራት። የሆስፒታሏ ሐኪም ለጤና ቢሮ እንድታመለክት ስትነግራት አመለከተች፤ በልቧ ግን «ኮሚቴው ፊት ስትጠየቅ ሚጡ እውነቱን ትናገራለች፤ ያን ጊዜ ይቅር እላታለሁ» ብላ ነበር። ቀኑ ደረሰ። አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ በአንዱ ጥግ፣ ጥሩምባና ባሏ በሌላው። ሰብሳቢው ካርዱን አንሥቶ ሚጡን ጠየቃት።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ለታካሚዋ በእርግጥ ተነግሯታል?»

ሚጡ እህቷን አላየችም። ጋውኗን ሳትለብስ መጥታ ስለነበር እጇን የምታስገባበት ኪስ አጥታ ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር።

«ነግሬያታለሁ» አለች። «አልቀይርም አለች።»

ጎሚስታው ሊነሣ ሲል ጥሩምባ ጉልበቱን ያዘችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ሰምታለች፤ ደንደሱ እንዲህ መሆኑን ግን አላወቀችም ነበር። ጥርሷን እንዳትነክስ እንኳ ጥርሷ ያማታል።

ኮሚቴው በመጨረሻ የታካሚዋ የእምቢታ ፊርማ ካርዱ ላይ አለመኖሩን አየ፣ የሆስፒታሏን ሐኪም ምስክርነት ሰማ፣ ራጁን አስመረመረ። ሐኪሙ ለስድስት ወር ብሪጅ እንዳይሠራ ታገደ። ሚጡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሥራዋን አላጣችም። የነርሶች ኃላፊነቱን ግን ለሌላ ሰጡት።

ብሪጁ ከኮሚቴው በፊት፣ ካርዱ ለሐኪሟ በደረሰ ሳምንት ተቆርጦ ሲወጣ ክፍሉ ሸቶ ነበር። ሐኪሟ መስኮት ከፈተችና እንደ ዋዛ «አሁን አየር ያገኛል» አለች። ከተሞረዱት ከሁለቱ ጤነኛ ጥርሶች አንዷ፣ የፊተኛዋ፣ አጥንቷ አልቆ ስለነበር ተነቀለች። ክራንቻው ተረፈ። ድዱ ደሙን አቁሞ ቀለሙ ወደ ሮዝ እስኪመለስ ሦስት ወር ፈጀ፤ የሸሸው ግን ተመልሶ አልወረደም። ከዚያ ረዘም ያለ አዲስ ብሪጅ ተሠራላት፤ ለእሱም በቀኝ በኩል ሌላ ጤነኛ ጥርስ መሞረድ ነበረበት። ጥሩምባ ወንበሩን ጨብጣ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፣ ለመርፌው ሳይሆን። ሐኪሟ ከመለጠፏ በፊት ጠርዙን በብረቱ ሦስት ጊዜ ፈተሸች፣ ለጥሩምባም መስታወት ይዛ አሳየቻት፣ ጫፉ ጠንከር ያለ ክር ሰጥታም ራሷ ከሥሩ እስክታሳልፈው ከወንበሩ አላስነሣቻትም። አምስቴ ሳተችው። በስድስተኛው አለፈላት።

ወደ መስታወቷ ክፍል ከተመለሰች አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ድምፅዋ ደህና ነው። አንዳንድ ሾፌሮች እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ፤ እሷም ታውቀዋለች፣ «ሰ» ላይ ትንሽ ትጠነቀቃለች። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ክሩን ታሳልፋለች። ባሏ በሩ ላይ ሆኖ «የጎማሽ ካላመዳሪ ተስተካከለ?» ይላታል። አሁን ጉንጯን ሲስማት አትነሣም።

ሚጡ ከኮሚቴው ቀን በኋላ ሰባት ወር ቆይታ መናኸሪያው መጣች። ጥሩምባ ደረጃውን ስትወርድ አግኝታት «እታለም!» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ደህና ነዎት?» አለቻት ጥሩምባ። «ልጆቹ ደህና ናቸው? ባለቤትዎስ?»

ሚጡ በሰው መሃል ፊቷን ሸፈነች። ብትሰድባት፣ በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እህቷ አንቺ ማለት ትታ እርስዎ አለቻት።

ባለፈው ወር አክስታቸው ልታስታርቃቸው ሁለቱንም ቤቷ ጠራቻቸው። አክስታቸው ሰማንያ አልፏታል፤ እሷን እምቢ ማለት አይቻልም። ሚጡ ወለሉ ላይ ተንበርክካ «በደልኩሽ» አለች፤ ያን ቀን ኮሚቴው ፊት የዋሸችው ሥራዋን ፈርታ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላት፣ ክሊኒኩንም እንደለቀቀች ተናገረች። እውነቷን ነበር። ጥሩምባም እውነቷን መሆኑን አወቀች።

«በይ እንግዲህ» አለች አክስት። «ጥርስና ምላስ እንኳ ይጋጫሉ። አንድ አፍ ውስጥ እያደሩ።»

«ልክ ነው፣ እትዬ» አለች ጥሩምባ። «ጥርስ ሲነክሳት ግን ምላስ ወዲያው ታውቀዋለች። እኔ እኮ ማን እንደነከሰኝ ሳላውቅ ነው አንድ ዓመት ያመሰገንኳት።»

ሚጡ ከወለሉ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልሄድ ነው ብላ ቆመች። «ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ» አለቻት ጥሩምባ፣ እንደ ምንም ብላ። ከዚያ ብድግ አለችና እንግዳ እንደሚሸኝ እስከ በሩ ሸኝታት ተመለሰች።